ከወዬሳ ቀድሞ መቂ የገባ ድምፅ

አዳማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ መስኮቶቿ በብርድ ልብስ የሚሸፈኑ አንዲት ረጅም ክፍል ነበረች። ድሮ የእህል መጋዘን ነበረች፤ ዘገዬ የሚባል ሰው ተከራይቶ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ አስገባባትና ቪዲዮ ቤት ሆነች። ጊዜው የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ማታ ሰዓት እላፊ ስላለ ፊልም የሚታየው በቀን ነበር፤ ውጭው ፀሐይና አቧራ፣ ውስጡ ጨለማና የሰው ላብ።

የፊልሞቹ ካሴቶች ከድሬዳዋ በባቡር፣ በጨርቃ ጨርቅ መሃል ተጠቅልለው ይመጣሉ። ከቅጂ የተቀዱ፣ ያም ቅጂ ከሌላ ቅጂ የተቀዳ ስለነበር በተዋንያኑ ፊት ላይ ሁልጊዜ ዝናብ የሚዘንብ ይመስል ነበር። ማን እንደቀዳቸው፣ የመጀመሪያው ባለቤት ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። በሩ ላይ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዛሬ ወዬሳ አለ ወይ?

ወዬሳ ከቴሌቪዥኑ በስተግራ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የህንዱን ፊልም የሚያስተረጉም ሰው ነው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ቀጭን፣ በመንገድ ላይ ሲያገኙት ከሰላምታ ሌላ ቃል የማይወጣው ሰው። ጠዋት ጠዋት በአንድ ትንሽ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል። ሚስት ነበረችው፤ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ወደ አሰላ ሄዳ በዚያው ቀረች። ልጅ የለውም። የተከራያት ክፍል በር ፊት ለፊት የሚያየው የጎረቤት ግንብ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይከርምና ቅዳሜ ጨለማ ውስጥ ገብቶ አፉ ይከፈታል።

በወጣትነቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩ የአንድ ህንዳዊ መምህር ምግብ አብሳይ ነበር። ከመምህሩ ሚስት ጋር በወጥ ቤት ውስጥ በራሳቸው ቋንቋ ይግባባ እንደነበረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባልና ሚስቱ ወደ አገራቸው ከተመለሱ ከብዙ ዓመት በኋላ ዘገዬ የመጀመሪያውን የህንድ ፊልም ሲያስመጣ ቀጥታ የሄደው ወደ ወዬሳ ነው።

ሰፈሩ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። መምህሩ የመጡት ከህንድ ደቡብ ጫፍ ነው፤ የሳቸው ቋንቋና የፊልሙ ቋንቋ ከነጭራሹ አይተዋወቁም። ወዬሳ ይህን የተረዳው በመጀመሪያው ቀን፣ በርጩማው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነበር። ፊልሙ ተጀመረ፤ ሰዎቹ ይናገራሉ፤ እሱ አንድ ቃል አልገባውም። ያ ሁሉ ፊት በጨለማው ውስጥ ወደሱ ዞሯል። በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት እናት አንድ ጎረምሳ ፊት ቆማ ታለቅሳለች። ወዬሳ የሴትዮዋን ዓይን ተመለከተና፣ «ልጄ፣ በሩን ክፍት ትቼልህ ነው እስከ ዛሬ የተኛሁት ነው የምትለው» አለ። ከኋላ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ሳበች። ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ሁሌም ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ወደ ዘገዬ ቤት ይሄድና ፊልሙን ድምፁን አጥፍቶ ብቻውን ያያል። ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን ማንን እንደከዳ ከፊታቸው ያነባል። የሚሉትን ነገር እሱ ይፈጥርላቸዋል። ክፉውን ሰው ሁልጊዜ ባላባት ያደርገዋል፤ በዚያ ዘመን ባላባትን ቢሰድቡ የሚቆጣ የለም። አንዴ ክፉው ሰውዬ የመኮንን ልብስ ለብሶ ብቅ ሲል አዳራሹ ጸጥ አለ። ወዬሳ ትንሽ አሰበና፣ ልብሱን ከሞተ ሰው ሰርቆ ነው አለ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ፤ ከዚያ ሳቀ።

ከበርጩማው አጠገብ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ጆቴ ነው፤ ጋሪ ነጂ፣ የወዬሳ እኩያ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ ብቸኛ ጓደኛው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። አንድ ልጁ ሰንበታ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው ያለው። ሰንበታ ከመሄዱ በፊት አባትና ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር፤ ከሄደ በኋላ ጆቴ የልጁን ቦታ ለማንም አይለቅም፤ ጋቢውን ያነጥፍበታል። ጆቴ ፊልም ሲያይ ትዕግሥት የለውም። አክተሩ አደጋ ላይ በወደቀ ቁጥር፣ «ይሞታል ወይስ አይሞትም?» ብሎ ይጠይቃል። ወዬሳም ከበርጩማው ሳይዞር፣ «ጆቴ፣ ፈረስህ እንኳ ካንተ ይሻላል፤ መንገዱ እስኪያልቅ ይታገሣል» ይለዋል። ሰው ይህን ለመስማት ብቻ ይመጣ ነበር ማለት ይቻላል። ፊልሙ ሲያልቅ ጆቴ በጋሪው ወደ ቤቱ ያደርሰዋል፤ በመንገድ ላይ ብዙም አይነጋገሩም። ወዬሳ ግን የሳምንቱ ከሁሉ የሚሻለው ሰዓት ያ ይመስለው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ወዬሳ እንደ ልማዱ ሸሚዙን አጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ መጣ። በርጩማው ላይ የቴፕ ሬኮርደር ተቀምጧል። ዘገዬ ሊያየው አፍሮ ገመድ እያስተካከለ ነገሩን አስረዳው። ይህ ፊልም ከዚህ በፊት የታየ ነው፤ ወዬሳ ያኔ ያስተረጎመው በካሴት ተቀድቷል፤ ካሴቱን መቂ ያለች ቀመሪያ የምትባል ቪዲዮ ቤት ያላት ሴት ናት የሰጠችው። መቂ ላይ ከሰነበተ ቆይቷል፤ ዝዋይም ደርሷል አሉ። እነሱ በካሴት ሲሠሩ እሱ ብቻ ለአስተርጓሚ እየከፈለ መዝለቅ አይችልም። አዲስ ፊልም ሲመጣ ይጠራዋል።

ከዚያ ቴፑን ተጫነው። ወዬሳ የራሱን ሳል ሰማ። ቀጥሎ፣ «እንደምን ዋላችሁ አዳማዎች» አለ የራሱ ድምፅ፣ ከበርጩማው ላይ። ከተሰብሳቢው አንዳንዱ ወደ ሬኮርደሩ፣ አንዳንዱ ወደ ሰውዬው ተመለከተ፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ወዬሳ የጆቴን ቦታ ፈለገ። ባዶ ነበር። በዚያ ቀን በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

በሚቀጥለው እሁድ ሽንኩርት ሊጭን ባዶውን በሚሄድ ኤንትሬ መኪና ላይ ተሳፍሮ በሞጆ በኩል መቂ ገባ። ምን ሊል እንደሚሄድ አላወቀም። ሌባዋን በዓይኑ ማየት ፈልጎ ነበር፤ ቢያንስ ለራሱ እንደዚያ ነው የነገረው።

የቀመሪያ ቪዲዮ ቤት በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። የሽንኩርት ጆንያ ሽታ አለው። ጫኝና አውራጅ፣ ገበሬ፣ ተማሪ፣ ሁሉም በአግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ወዬሳ እንደማንኛውም ሰው ከፍሎ ገባና ጥግ ያዘ። ቴፑ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ነው። ሲጀምር፣ «እንደምን ዋላችሁ አዳማዎች» አለ ድምፁ። የመቂ ሰው በአንድ አፍ፣ «ደህና ዋልን!» ብሎ መለሰና ተሳሳቀ። ወዬሳ ሳያስበው አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ገጠመው።

ቃሉን በቃሉ ያውቁታል። አክተሩ ከገደል ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ከኋላ ያሉት ጎረምሶች ቀድመው፣ «ጆቴ፣ ፈረስህ እንኳ ካንተ ይሻላል!» እያሉ ጮኹ፤ ድምፁም ተከትሎ እንደዚያው አለ። ጆቴን የማያውቁ ሰዎች ጆቴን ይወዱታል። አንዱ ጓደኛውን በክርኑ እየነካ፣ ይህ ሰውዬ እዚህ ቢኖር ኖሮ አንድ ቀን አብረነው ጠላ ባልጠጣን ነበር? ሲል ወዬሳ ሰማው። ሰውዬው በጉልበታቸው አጠገብ ነበር የተቀመጠው። ድምፁ ከእሱ ይልቅ ደስተኛ፣ ከእሱ ይልቅ ወዳጅ ያለው መሰለው።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራው ቴፕ ግን ቀጠለ፤ ቀመሪያ በጨለማው ዳብሳ እስክታጠፋው ድረስ ድምፁ ብዙ ርቀት ሄዷል። መብራቱ ሲመለስ ድምፁና ፊልሙ ተላለፉ። እናትዮዋ ገና ፀጉሯን ታበጥራለች፤ ድምፁ ግን፣ «አፈር ስሆን አትሙቺብኝ» እያለ ያለቅሳል። ሰው ግራ ተጋባ። ወዬሳ ወደ አጠገቡ ሰው ጠጋ ብሎ፣ ገና ነው፣ አሁን ስለ ሠርጉ ነው የምታወራው ብሎ በቀስታ ነገረው። ሰውዬው ትከሻው ላይ የጆንያ አቧራ ያለበት ሽንኩርት ጫኝ ነበር። በትህትና ነው የመለሰለት።

«አባባ፣ ግድ የለም፣ ሰውዬው ይናገር። እሱ ህንድኛ ያውቃል።»

ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ ወዬሳ ወደ ቀመሪያ ሄደ። ሰፊ ፊት ያላት፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ድምፁ የኔ ነው ሲላት መጀመሪያ አላመነችም፤ አንድ ነገር ይናገሩ አለችው። «እንደምን ዋላችሁ አዳማዎች» አለ፣ ግን ድምፁ ሰለለ። ቢሆንም አወቀችው። ወንበር ሰጠችው፣ ሻይ አዘዘችለት። ሌባ ሊላት የመጣው ሰው ሻዩን ማማሰል ያዘ፤ እሷ ናት የጀመረችው።

«እኔ አዳማ ከገመቹ ሱቅ ነው የገዛሁት። ገንዘቤን ከፍዬ። ሌባ ከሆንኩ የሸጠልኝስ ምን ሊባል ነው? ደግሞ አይቀየሙኝና፣ እርስዎ የህንዱን ወሬ ሲያወሩ ማንን አስፈቅደው ነው?»

ወዬሳ ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሲነሳ ቀመሪያ እስከ ግቢው በር ሸኘችው፤ ከዛሬ ጀምሮ በመጡ ጊዜ ለርስዎ በነፃ ነው አለችው። ከልቧ ነበር ያለችው።

የገመቹ ሱቅ የዘፈን ካሴት የሚቀዳበትና የሚሸጥበት፣ ከዘገዬ ቪዲዮ ቤት በጩኸት የሚሰማሙበት ርቀት ላይ ያለ ሱቅ ነው። ወዬሳ በየቀኑ ያልፍበታል። ገመቹ ወጣት ነው፤ ወዬሳን ሲያይ ተነስቶ «አካም ጅርቱ፣ ጋሽ ወዬሳ» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው። ነገሩን ሲሰማ አልካደም። ግን ጥፋቱ የቱ ላይ እንደሆነ በእውነት አልገባውም።

«አይቆጡኝ ጋሼ። ፊልሙ የህንድ ነው። ንግግሩም የህንድ ነው። እርስዎ ከዚያ ወደዚህ አሻገሩት፤ እኔ ከአዳማ ወደ መቂ አሻገርኩት። የርስዎ የሚባለው የቱ ነው?»

ሁሉም የኔ ነው ሊለው ፈለገ። እናትዮዋ ያለችው፣ ልጁ የመለሰው፣ ባላባቱ የዛተው፣ ሰው ያለቀሰበትና የሳቀበት ሁሉ እኔ ብቻዬን ዓርብ ዓርብ ተቀምጬ የፈጠርኩት ነው፤ ህንዶቹ አንዷንም አላሏትም። ይህን ግን መናገር አይችልም። ከተናገረ ቃሉ የሱ ይሆናል፤ እሱ ግን ያን ሁሉ ዘመን አዳማን ያታለለ ሰው ይሆናል። ነገሩ የሱ እንዲሆን ሐሰተኛ መሆን አለበት፤ እውነተኛ ሆኖ እንዲቆይ ደግሞ ምንም የሱ የሆነ ነገር ሊኖረው አይገባም። ባንኮኒውን በጣቱ ጠረገ።

«ድምፁ የኔ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው አይደል የሚባለው፣ ጋሼ?» አለ ገመቹ። ለማላገጥ አልነበረም። ወዲያው ደግሞ ያላሰበውን ነገር ጨመረለት። እኔ አልቀዳሁትም፤ ቪዲዮ ቤት ገብቼም አላውቅ። የመጀመሪያውን ካሴት ያመጣው ጆቴ ነው። ለልጁ ሊልክለት ፈልጎ፣ እንዳይጠፋ አንድ ግልባጭ ስሠራለት እኔም አንድ ለራሴ አስቀረሁ።

ወዬሳ ቁጭ አለ። ገመቹ ነገሩን ቀጠለ። ካሴቱ ሰሜን ደርሷል። ከሰንበታ ጋር የነበረ አንድ ቁስለኛ ወደ አገሩ ሲመለስ ጣቢያው ላይ ጆቴን አግኝቶ አጫውቶታል። ፊልም የላቸውም፤ ቴሌቪዥን የላቸውም። ምሽግ ውስጥ ሆነው ድምፁን ብቻ ነው የሚያዳምጡት። ሰንበታ የአባቱ ስም ሲጠራ ቴፑን ያቆምና መልሶ ያጠነጥነዋል። ጓደኞቹም ሰንበታ ማለቱን ትተው «ጆቴ» ይሉታል አሉ።

ወዬሳ ከሱቁ ወጥቶ ወደ ጆቴ ቤት አቀና። የጋሪውን ጎማ ከአጥሩ ሥር አየው፤ ፈረሱም ታስሯል። ጆቴ ቤት ነበር። ወዬሳ አላንኳኳም። ጆቴ ቦታውን ባዶ ትቶ የቀረበት ምክንያት አሁን ገባው፤ የጓደኛውን እንጀራ ያስቀረው በገዛ እጁ የቀዳው ካሴት እንደሆነ፣ ገና በርጩማው ላይ ቴፕ ሊቀመጥ ነው ሲባል ሲሰማ አውቆታል። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ማየት አልቻለም። ቢያንኳኳ ምን ይለዋል? ልጅህ ለምን ሰማኝ ሊለው ነው? የገመቹ ሱቅ፣ የቀመሪያ ግቢ፣ የዘገዬ በርጩማ፣ ሁሉም አንዱ ወደሌላው ጣቱን ይቀስራል፤ የመጨረሻው ጣት ያረፈው በዚህች በር ላይ ነው። በሩ ላይ ደግሞ ጥፋት አላየም። ተመልሶ ሄደ።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ ዘገዬ አስጠራው። ከድሬዳዋ አዲስ ፊልም መጥቷል፤ ከዘገዬ በቀር ማንም ጋ የለም። ዘገዬ በዚህ ጊዜ አስቦበታል። ካልተቀዳ የሞጆና የመቂ ሰው ሳይቀር አዳማ መጥቶ ያያል፤ ወዬሳም እስከ ክረምቱ መግቢያ ቅዳሜና እሁድ ሥራ አለው። ከተቀዳ ግን በቃ፤ እሱም እንደሌሎቹ ካሴት ይገዛል። በሩ ላይ ቆሜ እያንዳንዱን ሰው እፈትሻለሁ አለ። «አንተም ከበርጩማው ሆነህ ቴፕ የያዘ ሰው ካየህ አቁምና ንገረኝ። የምትጠብቀው የራስህን እንጀራ ነው።»

ወዬሳ ዓርብ ዕለት ፊልሙን ድምፁን አጥፍቶ አየው። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ በባህር ሄዶ ይቀራል። ያን ቀን ቃላቱ እንደ ድሮው መጡለት። እንዲያውም ከድሮው የተሻሉ ነበሩ። ከሰው ርቆ ከርሞ ነበርና ቅዳሜ እስኪመጣ መጠበቅ ከበደው።

ቅዳሜ ክፍሏ ጢም ብላ ሞላች። ዘገዬ በሩ ላይ የጎረምሶቹን ኪስና ጃኬት፣ የሴቶቹን ዘንቢል ሳይቀር ፈተሸ። የሽማግሌ ጋቢ ግን አይፈተሽም። ወዬሳ ሰላምታውን ሰጥቶ ቀና ሲል ጆቴን በድሮ ቦታው ተቀምጦ አየው። ጋቢውን እንደ ልማዱ አላነጠፈውም፤ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ ይዞታል። ወደ ወዬሳ አይመለከትም። በጋቢው እጥፋት መሃል አንዲት ቀይ መብራት፣ ከሽምብራ ያነሰች፣ በራች።

ዘገዬ በሩ ሥር ቆሟል። አንድ ቃል ይበቃል። ወዬሳ እስከ ክረምት መግቢያ ያሉትን ቅዳሜዎች አሰበ፤ ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ሳቅ። ከዚያ በኋላ ያለውንም አሰበ፣ የጎረቤቱን ግንብ። ወንድማማቾቹ ወደቡ ላይ ቆመው ነበር፤ ታናሽየው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ወዬሳ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረና፣ «ስትሄድ ወደ ኋላ አትመልከት፤ እኔ አየሃለሁ ነው የሚለው» አለ።

ከዚያ በኋላ ሳይቸኩል፣ እያንዳንዷን ቃል አጥርቶ፣ ፊቱን ትንሽ ወደ ጆቴ በኩል አድርጎ ተናገረ። አንድ ጊዜ ከጋቢው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የካሴቱ አንዱ ገጽ ማለቁ ነው። ጆቴ ደነገጠ፤ እጁን ጋቢው ውስጥ ከትቶ ይታገላል። ወዬሳ ጉሮሮውን የያዘው አስመስሎ ሳል ጀመረ፤ ውሃ ጠየቀ፤ ውሃው እስኪመጣ ጠበቀ፤ ሲመጣ ቀስ ብሎ ጠጣ። ሰው እስኪያጉረመርም ድረስ። ቀይዋ መብራት እንደገና ስትበራ ብርጭቆውን አስቀመጠና ካቆመበት ቀጠለ።

መጨረሻው አካባቢ ጆቴ ምንም አልጠየቀም። አክተሩ ማዕበል ውስጥ ሲወድቅ ሰው ሁሉ ጥያቄውን ጠብቆ ወደሱ ዞረ። ጆቴ አንገቱን ደፋ። ወዬሳ ግን ያልተጠየቀውን መለሰ።

«ጆቴ፣ አይሞትም።»

ሰዉ ሳቀ። ጆቴ አልሳቀም።

ፊልሙ ሲያልቅ ጆቴ ጋቢውን የተኛ ሕፃን እንደሚይዝ ሰው በሁለት እጁ ታቅፎ፣ በሰው መሃል አንገቱን ቀብሮ፣ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ። እንዳልታየ ነው የሚያስበው። ወዬሳ ሊጠራው አፉን ከፍቶ ነበር። ግን አይቼሃለሁ ሳይለው ምንም ሊለው አይችልም፤ አይቼሃለሁ ካለው ደግሞ ጆቴ ከእንግዲህ ፊቱን ለዘለዓለም አያሳየውም።

ዘገዬ ብርድ ልብሶቹን ከመስኮቶቹ ላይ አወረደ። የከሰዓት በኋላው ፀሐይ ከነአቧራው ገባ።

«ማንንም አላየህም?»

«ማንንም አላየሁም» አለ ወዬሳ።

ካሴቱ መቂ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። ዘገዬም ቃሉን ጠበቀ፤ አንድ ገዛ። ወዬሳ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሆቴሉ ሲወጣ ወደ ቪዲዮ ቤቱ በሚወስደው መንገድ መሄዱን ተወ። አንድ ቀን በጣቢያው በኩል ሲያልፍ ጆቴን ከሩቅ አየው። ጆቴም አየውና ወዲያው ጎንበስ ብሎ የፈረሱን መታጠቂያ ይፈታና መልሶ ያስር ጀመር፤ የሚፈታ ነገር ግን አልነበረም። ወዬሳ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ጆቴ ወገቡን እንዲያቃና ብሎ መንገዱን ተሻግሮ በወዲያኛው በኩል አለፈ።